የሊፍቱ ስሌት ገና አልረጋም

የበደለኝ ዶክተር ፍሥሐ ነው። የበደለኝም በሚሊኒየሙ ዓመት፣ ኦሎምፒያ አጠገብ በነበረው መሥሪያ ቤታችን፣ በትልቁ አዳራሽ፣ ሻይና ብስኩት ቀርቦ እንግዶች በተቀመጡበት ነው። ያን ቀን ያሰረውን ክራቫት ሳይቀር አስታውሳለሁ። ቡናማ ነበር፤ አያምርበትም ነበር።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ፊት ለፊት ስንገናኝ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እናቴ እንዲያ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ነው። ወረቀቱ የኔ ነው።

ሥራዬ ስታትስቲክስ ነበር። ስታትስቲክስ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ቤት ለቤት እየዞሩ «ስንት ነፍስ አላችሁ?» ማለት ነው። የኔ ሥራ ግን ኮምፒውተር ላይ የሌሉ ሰዎችን መፍጠር ነበር። እውነቴን ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ስንት የካርድ መስኮት ያስፈልገዋል ተብለን ስንጠየቅ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሌለ ጤና ጣቢያ እንሠራለን፤ የሌሉ በሽተኞች እንልክበታለን፤ ከዚያ ሲሰለፉ፣ ሲጠብቁና ሲስተናገዱ እናያለን። የሌሉ ሰዎች ጥሩዎች ናቸው። «አንድ ነገር ልጠይቅ ብቻ ነው» እያሉ ወረፋ አይሰብሩም።

ታዲያ ይህ ሥራ አንድ ተንኮል አለው። ያ የሌለ ጤና ጣቢያ ሲከፈት ባዶ ነው። የመጀመሪያው በሽተኛ ዘው ብሎ ይገባል፤ የሚጠብቀው ነገር የለም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ወረፋው የሚገነባው ቀስ እያለ ነው። ቆይቶ ቆይቶ መልኩን ይይዛል፤ ከፍ ዝቅ ቢልም ከአንድ ልክ ብዙ አይርቅም። ያኔ «ረጋ» እንላለን። የሚለካው ከረጋ በኋላ ያለው ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ተቆርጦ ይጣላል። ካልተጣለ ያ ባዶ ማለዳ አማካዩን ያሳምረውና ሰውን ሁሉ ያሳስታል።

ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም። ባሌን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጫጉላችን ሳምንት ለክቼው ቢሆን ኖሮ «ጫማዬን የሚወለውልልኝ ሰው» ብዬ እመዘግበው ነበር። ሲረጋ ግን የራሱንም ካልሲ የት እንዳወለቀው የማያውቅ ሰው ሆኖ ተገኘ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አዲስ ምግብ ቤት በተከፈተ ሳምንቱ የበላችሁትንም ክትፎ እስቲ ከጥቂት ወራት በኋላ ሄዳችሁ ፈልጉት። ስሙ አለ፤ ክትፎው የለም።

እንግዲህ በዚያ ቀን የክፍላችን ኃላፊ የነበረው ዶክተር ፍሥሐ እኔ የሠራሁትን ስሌት ይዞ እንግዶቹ ፊት ቆመ። ባዶውን ማለዳ ሳይቆርጥ፣ እንዳለ አማካይ አውጥቶ «ሁለት መስኮት ይበቃል» አለ። እጄን አወጣሁ።

«ዶክተር፣ ስሌቱ ገና አልረጋም» አልኩ።

ክራቫቱን አስተካከለ። «አልረጋም? እርጎ ነው እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ። እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። አላበቃም።

«ለነገሩ እርጎ ባለበት ዝንብ አይጠፋም» አለ፤ በእጁ ወደኔ እያመለከተ።

ያልጠሩት ቦታ ጥልቅ የሚል ሰው የእርጎ ዝንብ እንደሚባል ለእናንተ አልነግራችሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ይኸው ሆነ። ሻይ ክፍል ስገባ «እርጎውን ክደኑት» ይባላል። በጡረታ መሸኛዬ ላይ ንግግር ያደረገው ሰው እንኳን «የምንወዳት የእርጎ ዝንባችን» አለኝና አጨበጨቡ። ጤና ጣቢያው በሁለት መስኮት ተከፍቶ ወረፋው አጥሩን ሲዞር ግን «አልረጋም ብላ ነበር እኮ» ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም።

ጡረታ ስወጣ ከኦሎምፒያ የቻልኩትን ያህል ራቅሁ። ለሚ ኩራ ውስጥ አዲስ ሕንፃ ላይ ዘጠነኛ ፎቅ ገባሁ። ማንም አያውቀኝም፤ እኔም ማንንም አላውቅም፤ ኑሮ ጥሩ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የሊፍቱ በር ተከፈተና፣ የአበባ ማሰሮ ታቅፎ ዶክተር ፍሥሐ ቆሞ አየሁት።

«አንቺ! አለሽ እንዴ?»

«አለሁ ዶክተር። እርስዎስ ደኅና ነዎት?»

አራተኛ ፎቅ ገዝቷል። አዲስ አበባ እስከዚህ ድረስ የሰፋችው እሱን ከኔ ለማራቅ ይመስለኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። መሰብሰብ የሚወድ ሰው ሕንፃ አያጣም።

ከኔ ፊት ለፊት የምትኖረው ዘምዘም ናት። የወሎ ሰው ናት፤ ባሏ ሞቷል። እታች፣ ከሊፍቱ ፊት ለፊት፣ ሳሙናና ሩዝ፣ የሞባይል ካርድም የምትሸጥባት ሱቅ አለቻት። ጉልበቷ ታማሚ ነው፤ ተቀምጣ ንግሥት ናት፣ ስትቆም ግን ፊቷ ይለዋወጣል። ኮምቦልቻ ያለችው ልጇ በየቀኑ እየደወለች «እማ፣ በቃ ነይ» ትላታለች። እሷ ደግሞ «ልጄ ቤት እንግዳ ነኝ፣ ሱቄ ውስጥ ግን ሰው ነኝ» እያለች ትመልሳታለች። ጓደኛዬ ናት አልልም። ማታ ማታ እሷ እኔ ቤት ትመጣለች፣ ካልመጣች እኔ እሄዳለሁ፤ ይኸው ነው።

ሕንፃችን ሁለት ሊፍቶች አሉት። የቀኙ አንድ ጊዜ ተበላሽቶ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ቆየ። ዶክተር ፍሥሐ ከዚህ ተነሥቶ አንድ ሐሳብ ወለደ፦ የግራው ሊፍት ይቆለፍ፤ ቅዳሜ ቴክኒሻን መጥቶ ይፍታው፤ ዕቃው ለቀኙ መለዋወጫ ሆኖ ይቀመጥ። አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ መልሶ የሚገጥመው እንደሌለ ማንም ያውቃል።

ማስታወቂያው የተለጠፈ ዕለት ዘምዘም መጥታ ሶፋዬ ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ሊፍት ከቀረ እኔ አልችልም። ደረጃውንስ ተይው፤ ቆሜ መጠበቁን አልችለውም። ወላሂ፣ ሱቁን ለሰው ሰጥቼ ወደ ኮምቦልቻ ነው።»

«ወሬ ነው» አልኳት። ቴሌቪዥኑንም ከፈትኩት።

ሐሙስ ማታ ምድር ቤት፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተሰበሰብን። ዶክተር ፍሥሐ ላፕቶፑን ከፍቶ ግድግዳው ላይ ሥዕል አበራ። ሲሙሌሽን ሠርቷል! የሌለ ሕንፃ፣ የሌሉ ነዋሪዎች፣ አንድ የሌለ ሊፍት። ሕንፃው ባዶ ሆኖ ይጀምራል። የወረፋው መስመር ከዜሮ ይነሣና ሽቅብ ይወጣል፤ ገና እየወጣ ሳለ ስሌቱ ይቆማል። ከዚያ የሁሉንም አማካይ አንድ ላይ አውጥቶ፦

«በአማካይ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የምትጠብቁት!» አለ።

ስንት ዓመት አልፎት ያንኑ ስሕተት! ሰው አመሉን ሲይዝ እንዲህ ነው እንጂ መያዝ።

ላለመናገር ምዬ ነበር የሄድኩት። ዘምዘም ግን በክርኗ ጎሰመችኝ።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«የተሳሳተ ነገር።»

«ታዲያ ተናገሪያ! አፍ የለሽም?»

ተነሣሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ዶክተር፣ ይህ ስሌት ገና…» ካልኩ በኋላ ያ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። አልረጋም ልል ነው። አልረጋም ካልኩ እርጎው ይመጣል። እርጎው ከመጣ ዝንቡ አይቀርም። ማንም የማያውቀኝ እዚህ ነበር፤ እዚህም ልጠራበት ነው። ሌላ ቃል ፈለግሁ። አማርኛ ሀብታም ነው ሲባል እሰማለሁ፤ በቸገረ ሰዓት ግን ኪሱን ይደብቃል። «አልተረጋጋም» ልል አሰብኩ፤ ያው ረጋ ውስጡ ቁጭ ብሏል። «አልሰከነም» ልል አሰብኩ፤ ዶክተሩን ሰካራም ያልኩት ይመስላል። ሰው እያየኝ፣ ዘምዘም ቀሚሴን እየጎተተች፣ ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦

«ይህ ነገር ገና አልጠለለም።»

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት አቶ ሽፈራው፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ሲያንቀላፉ የነበሩት፣ ብድግ አሉ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን! በመጨረሻ አንድ ሰው ተናገረ! እኛ ቤት የሚወርደው ውሃ ጭቃ ነው፣ ጭቃ!»

«ስለ ውሃ አይደለም አቶ ሽፈራው…»

«አይፍሩ እማማ! አልጠለለም ብለዋል፣ እውነት ነው፣ አልጠለለም!»

እማማ የሚሉኝ ሰው እኩያዬ ናቸው። ይህም ተመዝግቧል።

ከሰባተኛ ፎቅ አንዲት ወጣት ስልኳን ከፍ አድርጋ ፎቶ አሳየች። «ይኸው ከቧንቧዬ የወጣው፤ ሻይ ነው የሚመስለው። ሲሪየስ ኢሹ ነው፤ ታንከሩ ከተሠራ ጀምሮ ክሊን ተደርጎ አያውቅም!» ከዚያማ ማን ያቁማቸው። አንዱ ውሃው ፀጉሬን አረገፈው አለ፤ አንዷ የልጇን ሆድ ቁርጠት አነሣች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ዶክተር ፍሥሐ እንደሆነ፣ ሰብሳቢ ምን ጊዜ ማጨብጨብ እንዳለበት ያውቃል።

«ግሩም ነጥብ! ታንከሩ ነገውኑ ይታጠብ። የምትደግፉ?»

እጅ እንደ ደን ተተከለ።

«የሊፍቱም ሐሳብ እንደቀረበው ይጽደቅ?»

እጆቹ ገና አልወረዱም ነበር። በታንከሩ እጅ ሊፍቱ አለፈ።

ስንወጣ ዘምዘም ወደኔ ዞረች። «አንቺ ስለ ሊፍት አይደል እንዴ የተነሣሽው?»

«ስለ ሊፍት ነው።»

«ታዲያ ውሃ ምን አመጣው?»

ስለ ሚሊኒየሙ ነገር ነግሬያት አላውቅም፤ የሊፍቱን ቁልፍ ተጫንኩ። ሊፍቱ ውስጥ ሆና መስተዋቱን እያየች «ኮምቦልቻ እኮ መጥፎ አገር አይደለም» አለች። ይህን ያለችው ለራሷ ነው። እኔ የፎቅ ቁጥሩን ስመለከት ነበር።

ዓርብ ማለዳ የግራው ሊፍት በሰንሰለት ታሰረ። ታንከሩም ተከፍቶ ውሃው ሁሉ ተለቀቀ፤ ታጠበ፤ አበራ። ሊሞላ ሲል ግን ውሃ የለም። የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ ሰኞ መሆኑን ታንከሩን ከማፍሰሱ በፊት ያስታወሰ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ በር ላይ የውሃ ቦቴ መጣ። ሕንፃው ሁሉ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ወረደ። መውረድስ ቀላል ነው። መውጣቱ በአንዲቷ ሊፍት ሆነ። ሦስት ሰው ከነጀሪካኑ ሲገባባት «ጢጥ ጢጥ» እያለች ትጮሃለች፤ አንዱ ካልወረደ አትነሣም፤ የሚወርደው ሰው ደግሞ የለም። ወረፋው ከሊፍቱ በር ተነሥቶ ሱቆቹን አልፎ ዋናው በር ደረሰ። ክርክር ተነሣ፦

«ጀሪካን በሰው ወረፋ ይቆጠራል?»

«ቦታ ይዞ የለ? ይቆጠራል!»

«እንግዲያው እኔ አራት ነኝ!»

አቶ ሽፈራው በርሜል እያንከባለሉ መጡ። በርሜሉ ስንት ሰው እንደሆነ እስኪወሰን ሊፍቱ ባዶውን ሁለት ጊዜ ወጥቶ ወረደ።

ዘምዘም ለሶላት ቤቷ መውጣት ፈልጋ እዚያ መሀል ተያዘች። መቆሙ ሲያቅታት የሰው ጀሪካን ላይ ተቀመጠች፤ ጀሪካኑ ተራው ሲደርስ ባለቤቱ አስነሥቷት ይሄዳል፤ ሌላው ላይ ትቀመጣለች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከንፈሯን ነክሳለች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። በደረጃ መውጣት እችል ነበር፤ አልወጣሁም። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት።

ዶክተር ፍሥሐ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ «እኔ በደረጃ ነው የምሄደው!» ብሎ በጀግንነት ተነሥቶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከሁለተኛ ፎቅ ተመለሰ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ ትንፋሹ ከፊቱ ቀድሞት ነው የደረሰው። ወረፋው አየው።

«ዶክተር! አንድ ደቂቃ ያሉት ይህንን ነው?»

«አንድ ደቂቃ በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር ነው?»

«ሰንሰለቱ አሁኑኑ ይፈታ! እዚሁ ድምፅ እንስጥ!»

እጆች መነሣት ጀመሩ። አስቡት እንግዲህ። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅሁት ቀን መጣ፤ ከነወረፋው መጣ። እንዲያውም ካሰብኩት በላይ አምሮ መጣ።

ዶክተር ፍሥሐ ጀሪካኖቹን መሬት አስቀመጠ። «ጎበዝ፣ ይህ እኮ የተለመደ ቀን አይደለም። ሊፍት በጀሪካን ቀን አይለካም» አለ። ጮኹበት። ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ እውነቱን መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ያውቃል።

እውነቱን ነው። የኔን ትምህርት ነበር የሚናገረው። ዝም ብል ሰንሰለቱ ይፈታል፤ ዘምዘም አትሄድም፤ እሱም በሰው ፊት ይዋረዳል፣ ያውም በረጠበ ሱሪ። ግን ደግሞ ሰኞ ውሃው ይመጣል። ወረፋው ይጠፋል። ያኔ «አላልኳችሁም?» ይልና ሰንሰለቱን ይመልሳል፤ ቴክኒሻኑንም ይጠራል፤ ሁለተኛ የሚሰማኝ አይኖርም። ከዚህም ሌላ፣ ልክ ያልሆነ ስሌት ጉሮሮዬ አይወርድም። በሽታ ነው፤ መድኃኒት አላገኘሁለትም።

«ዶክተሩ እውነታቸውን ነው» አልኩ።

ዘምዘም ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ!» አለች። 

«የዛሬው አይለካም» አልኩ። «የሐሙሱም ስሌት ግን ልክ አልነበረም። ባዶ ሕንፃ ይዞ ጀምሮ፣ ወረፋው ሳይደርስ አቆመ። የዛሬው ደግሞ ሞልቶ የፈሰሰ ነው። ሁለቱም…» አልኩና ዙሪያዬን አየሁ። የቀረኝ ቃል አልነበረም። «ሁለቱም አልረጉም።»

ሳቁን ጠበቅሁ። አልመጣም። አቶ ሽፈራው በርሜላቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሐሙስ እንዲህ አይሉንም ነበር? የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ይባል የለም እንዴ? ይርጋና ይለካ!»

«ይርጋ ነው ያሉት?» «ይርጋ!» እያለ ወረፋው እስከ በር ድረስ ተቀባበለው። በቃ፤ ገባቸው። ያን ተረት ኦሎምፒያ አዳራሽ ውስጥ የሚያውቀው ሰው አልነበረም እንዴ? እኔስ የት ሄጄ ነበር?

ይህን እያሰብኩ ሳለ ዶክተር ፍሥሐ የጠፋ መነጽሩን እንዳገኘ ሰው ፊቱ በራ።

«የእርጎ ዝንብ!» ብሎ ጮኸ። «እንዲያ ነበር የምንላት! ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ እኮ! ወይ ጊዜ!» ለሰዉ ያወራል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ያ ሁሉ ሰው ‹ልክ ነዎት ዶክተር› ሲለኝ፣ አይደሉም የምትለኝ እሷ ብቻ ነበረች።»

እኔ እሾህ ብዬ የያዝኩትን እሱ እንደ አበባ ይዞት ኖሯል። ይህን ያህል ዘመን የጠላሁት ሰው ከፊቴ የቆመው ሽማግሌ መሆኑን ተጠራጠርኩ።

«ስሙን አልወደውም፣ ዶክተር» አልኩት።

«ምነው? በፍቅር እኮ ነው…» አለና ጀሪካኑን አየ። «አልነገርሽኝማ» አለ ቀስ ብሎ።

እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል እንዴ? እኔ የሚታወቅ ይመስለኝ ነበር።

ስልኩን አወጣና እዚያው ወረፋው ውስጥ ቆሞ ለቴክኒሻኑ ደወለ። «የነገው ይቅር። አትምጣ። ገና አልረጋም።» ቴክኒሻኑ «ምኑ?» ሲል ሁላችንም ሰማን። «ስትመጣ ትነግርሃለች» ብሎ ዘጋው። ያን ዕለት ዘምዘምን ያለ ወረፋ አስቀደሟት፤ አብሬያት ወጣሁ። እስከ ዘጠነኛ ፎቅ አላናገረችኝም። በሯን ስትከፍት ግን «አብሽሪ፣ ሻይ አለ» አለችኝ።

ሰኞ ውሃ መጣ። ሰው ልብስ አጥቦ፣ ዕቃውን አጥቦ፣ ወደ ለመደው ኑሮ እስኪመለስ ድረስ ቆየን፤ የግራው ሊፍት እንደታሰረ ነው። ከዚያ ሱቋ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን መለካት ጀመርን። እኔ በስልኬ ሰዓት እይዛለሁ፤ ዘምዘም በመስበሓዋ ዶቃ ሰዉን ትቆጥራለች። «አስተግፊሩላህ፣ ይኸኛው ልጅ ዛሬ ስንቴ ነው የሚወርደው? ሲጋራ ጀመረ መሰለኝ» ትላለች። «እሱ አይለካም፣ ቁጠሪ» እላታለሁ። ሳምንቱን በዚህ ጨረስን።

ውጤቱን ለስብሰባው ያነበብኩት እኔ ነኝ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ሊፍት ይበቃል፤ ዶክተሩ በዚህ ልክ ናቸው። ጠዋት ሰው ወደ ሥራ ሲሄድና ማታ ሲመለስ ግን ወረፋው ጨርሶ አይረጋም፤ ከሚሄደው የሚመጣው ስለሚበልጥ ያድጋል፣ ያድጋል፣ የሚቆመውም ወጣቱ ተስፋ ቆርጦ በደረጃ ሲወጣ ነው። ጉልበት የሌለው ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ደረጃም የለውም። የሳቀ አልነበረም። የግራው ሊፍት እንዳይፈታ፣ ጠዋትና ማታ እንዲሠራ ተወሰነ። ዘምዘም እዚያው ተቀምጣ ለልጇ ደወለች፦ «አልመጣም፤ ለኢድ ግን አንቺ ነይ። ሊፍት አለ።»

ስንበተን ዶክተር ፍሥሐ ወደኔ መጣ። በስሜ፣ በወይዘሮ ጠራኝ።

«ይቅር ተባባልን?» አለ።

«ተባብለናል፣ ዶክተር» አልኩት።

በሚቀጥለው ወር የኮሚቴ ሰብሳቢ ምርጫ ነበር። እሱም ተወዳደረ። እኔ ለአቶ ሽፈራው እጄን አወጣሁ።